የቤት ኮምፒዩተር ሰዓትና የአገራችን የሰዓት አቆጣጠር፤ አጭር የታሪክ ምርመራ

፩. የጽሑፉ ምክንያት

በየቤቱ የሚገኘው ኮምፒዩተር በተከፈተ ጊዜ ከስክሪኑ በአንደኛው ጥግ ሰዓትና ቀን ይታያል። ባለቤቱ ይህን ሰዓትና ቀን እንደ ወደደው ያበጀው ዘንድ በተለምዶ «ሴቲንግ» የምንለው ክፍል ተዘጋጅቶለታል። በዚያም አገሩን፣ ቋንቋውን፣ የሰዓት ቀጠናውንና የቀን አጻጻፉን እንዲመርጥ ይጠየቃል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የመካኒክ ጉዳይ እንጂ የታሪክ ተማሪን የሚመለከት አይመስልም። ነገር ግን ለምርጫ የቀረበው ዝርዝር በአንድ ቀን የተጻፈ አይደለም። እያንዳንዱ መስመር የገባበት ዘመንና ምክንያት አለው፤ ከዝርዝሩ የቀረውም ነገር እንዲሁ ምክንያት አለው። ስለዚህ ይህን ዝርዝር እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ አድርገን ለመመርመር አስበናል።

ወደዚህ ሐሳብ ያደረሰን በቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ታላቅ እኅታችን ለአንድ ሥራ አመልክታ በኮምፒዩተር አማካይነት ቃለ መጠይቅ እንዲደረግላት በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሳት። ደብዳቤው ቀኑን ከገለጸ በኋላ «በ10:00 ሰዓት» ይላል፤ ጠዋት ወይም ማታ አይልም። በዚያን ጊዜ አባታችን የቤቱን ኮምፒዩተር ሰዓት ከግድግዳው ሰዓት ጋር እንዲስማማ አድርገው በእጅ አስተካክለውት ነበር። እኅታችንም ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ለብሳና ተዘጋጅታ ተቀመጠች፤ ኮምፒዩተሩም 10:00 ይላል። ከወዲያ በኩል ግን የሚመልስ አልነበረም። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው 10:00 ያለው በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 4 ሰዓትን ኖሯል። 6 ሰዓት አልፎ ነበር፤ ሥራውም ለሌላ ተሰጠ።

በዚህ ነገር ማንን ጥፋተኛ እንበል? ደብዳቤው በአማርኛ ነው፤ እኅታችን ያነበበችውም በአማርኛ ነው። ሁለቱም ወገን የየራሱን ኮምፒዩተር አመነ። ስለዚህ ጥያቄውን ከሰዎቹ ወደ መሣሪያው ማዞር ግድ ሆነብን። ይኸውም፤ የኮምፒዩተሩ ሰዓት ለአገራችን ሰው ምን ምን ሰጠው? መቼስ ሰጠው? ምንስ አስቀረበት? በሚከተለው ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልነው ሁሉ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን የአውሮፓውን «እ.ኤ.አ.» ብለን እንለየዋለን።

፪. ሁለቱ የሰዓት አቆጣጠሮች

ለሁላችን የታወቀ ቢሆንም መነሻውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በአገራችን ልማድ የቀኑ ሰዓት ከንጋት፣ የሌሊቱ ሰዓት ከምሽት ይቆጠራል። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲሞላ 1 ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ 6 ሰዓት፣ ስትጠልቅ 12 ሰዓት ይባላል። ይህም ልማድ ያለ ምክንያት የቆመ አይደለም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ውስጥ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ንጋት ከቦታው ብዙ በማይርቅበት አገር ንጋትን የቁጥር መጀመሪያ ማድረግ የሚመች ነገር ነው። ለንደን ወይም ስቶክሆልም እንዲህ ቢደረግ ኖሮ 1 ሰዓት በየወሩ እየተንከራተተ ባስቸገረ ነበር።

ይህ አቆጣጠር የእኛ ብቻ አይደለም። ኪስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ሳአ ሞጃ» ሲሉ እንደ እኛው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን 1 ሰዓት ማለታቸው ነው። የጥንት ሮማውያንም የቀኑን ሰዓት ከንጋት ይቆጥሩ ነበር። ስለዚህ በወንጌል ስለ ወይኑ ቦታ ሠራተኞች በተነገረው ምሳሌ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓትና 11 ሰዓት ሲጠቀስ የአማርኛ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነገሩን በየዕለቱ እናየው ነበር። የክፍል ሰሌዳው በአውሮፓ ሰዓት ታትሞ ተለጥፏል፤ ደወሉን የሚደውሉት ዘበኛ ግን የሚያውቁት የአገሩን ሰዓት ነበር። ሰሌዳው 8:00 ይላል፤ ዘበኛው 2 ሰዓት ብለው ይደውላሉ፤ ተማሪውም ሁለቱን በአሳቡ እያስታረቀ ይገባል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ሰው በመካከል ሲኖር ችግር የለም። ችግር የሚመጣው በመካከል ያለው መሣሪያ ብቻ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው አቆጣጠር ቀኑን ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረው ነው። ይህ አቆጣጠር በዓለም መሣሪያዎች ሁሉ ላይ የነገሠው ከባቡርና ከቴሌግራፍ መስፋፋት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 የ25 አገሮች መልእክተኞች በዋሽንግተን ተሰብስበው የግሪኒችን መስመር የኬንትሮስ መነሻ እንዲሆን ወሰኑ፤ ዓለም አቀፉም ቀን ከእኩለ ሌሊት እንዲጀምር ተስማሙ። ኢትዮጵያ በዚያ ጉባዔ አልነበረችም። ከ1 መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የቤት ኮምፒዩተር ሲሠራ ሠሪዎቹ ይህን ውሳኔ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርገው ወሰዱት።

፫. የኮምፒዩተሩ ሰዓት እንዴት እንደ ተጀመረ

እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ያወጣው የግል ኮምፒዩተር በባትሪ የሚሠራ ሰዓት አልነበረውም። ስለዚህ በተከፈተ ቁጥር ባለቤቱን ቀኑንና ሰዓቱን ይጠይቀው ነበር። ባለቤቱ ካልነገረው መሣሪያው ዛሬ እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 1 ቀን 1980 ነው ብሎ ይጀምራል፤ ይህም በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ተከታዩ ሞዴል በባትሪ የሚጠበቅ ሰዓት ስለ ነበረው መሣሪያው ቀኑን መጠየቅ ተወ። ከዚያ ወዲህ ሰው ለኮምፒዩተር ሰዓት የሚነግር ሳይሆን ኮምፒዩተር ለሰው ሰዓት የሚነግር ሆነ። ለውጡ ትንሽ ይምሰል እንጂ ለጥናታችን ዋና ነገር ነው። ባለቤቱ ይነግረው በነበረ ጊዜ የፈለገውን ሰዓት ሊነግረው ይችል ነበርና።

በዩኒክስና ከእርሱ በተወለዱት ሥርዓቶች ደግሞ ጊዜ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው። የቁጥሩ መነሻ እ.ኤ.አ. ጃንዩወሪ 1 ቀን 1970 በግሪኒች እኩለ ሌሊት ነው፤ ያም በአዲስ አበባ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች መሣሪያው ያከማቻል፤ በስክሪኑ ላይ የምናየው ሰዓትና ቀን ከዚያ ቁጥር እየተሰላ የሚቀርብ ነው። አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልን እንለምናለን። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ቆጠራ የፈረንጅም የሐበሻም አይደለም፤ ሰከንድ ብቻ ነው። ፈረንጅ ወይም ሐበሻ የሚሆነው ለዓይን ሲቀርብ ነው።

፬. ለአገራችን ምን ምን ገባ

አንደኛ፤ ፊደሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ ዕትም የግዕዝን ፊደል ከዓለም ጽሕፈቶች ጋር ቈጠረው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደሎቹን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር።

ሁለተኛ፤ ቋንቋው። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በጃንዩወሪ 2007 ለሕዝብ ሲሸጥ «አማርኛ (ኢትዮጵያ)» ከአገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለው የፊደል ቅርጽም አብሮት ነበር። ይህ በእኛ ጥር 1999 ዓ.ም. ነው፤ አገሩ ሁሉ 2000 ዓ.ም.ን ለመቀበል በሚዘጋጅበት ወቅት ማለት ነው። ነገር ግን ይህን ምርጫ የመረጠ ሰው በስክሪኑ ላይ የሚያገኘው 2007ን ነበር። ከዊንዶውስ ጋር የሚሠራው የዶትኔት መጽሐፈ ሥርዓት የዕብራውያንን፣ የሂጅራን፣ የፋርስን፣ የታይላንድንና የጃፓንን የዘመን አቆጣጠር ሲይዝ የኢትዮጵያን አልያዘም። የወሩ ስም በአማርኛ ፊደል ይጻፋል፤ ስሙ ግን መስከረም ሳይሆን ሴፕቴምበር ነው። ፊደሉ የእኛ ሆኖ ወሩ የሌላ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፤ ዘመኑ። በሌላ ወገን አይሲዩ የተባለው የፕሮግራም ስብስብ የኢትዮጵያን ዘመን በሁለት ዓይነት፣ ማለትም በዓመተ ምሕረትና በዓመተ ዓለም ይቆጥራል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 5500 ዓመት ነው። የአፕል ኮምፒዩተር ባለቤት ከሴቲንጉ ይህን መርጦ 13ቱን ወሮች ከነጳጉሜ ሊያይ ይችላል። ይሁን እንጂ መርጦ ነው እንጂ ሳይመርጥ አይመጣለትም። የዩኒኮድ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሚያዘጋጀው የአገሮች ልማድ መዝገብ ለታይላንድ የቡድሃው ዘመን፣ ለኢራን የፋርሱ ዘመን በመጀመሪያ ተራ ሲመዘገብ፣ ለኢትዮጵያ ግን የጎርጎርዮሱ ቀድሞ የኢትዮጵያው ተከትሎ ተጽፏል።

አራተኛ፤ ሰዓቱ። ይህ አልገባም። በዚያው መዝገብ ሰዓትን ለመጻፍ የተመደቡ 4 ምልክቶች አሉ። አንደኛው ከ1 እስከ 12፣ ሁለተኛው ከ0 እስከ 23፣ ሦስተኛው ከ0 እስከ 11፣ አራተኛው ከ1 እስከ 24 ይቆጥራል። አራቱም መነሻቸው እኩለ ሌሊትና እኩለ ቀን ነው። ከንጋት የሚነሣ አምስተኛ ምልክት የለም። ስለዚህ አገሩን ኢትዮጵያ፣ ቋንቋውን አማርኛ፣ ዘመኑን ዓመተ ምሕረት ያደረገ ሰው እንኳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ኮምፒዩተሩን ቢያይ «7:00 ጥዋት» የሚል ያገኛል። የእኅታችንም ደብዳቤ ስሕተት ከዚህ የተወለደ ይመስለናል፤ ደብዳቤው በአማርኛ ተጽፎ ሰዓቱ ከእንዲህ ያለ ስክሪን የተገለበጠ ነበርና።

፭. የቀጠናው ሠንጠረዥና ሚያዝያ 27

ስለ ሰዓት ቀጠና የተለየ ቃል ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የምትባል ከተማ የለችም። የአዲስ አበባ ሰው የሚመርጠው «ናይሮቢ» የሚለውን መስመር ነው፤ ሁለቱ ከተሞች ከዓለም አቀፉ ሰዓት እኩል 3 ሰዓት ስለሚቀድሙ በሰዓቱ ስሕተት የለበትም። እንዲህ ያለው ዝርዝር ግን ከፖለቲካ የራቀ እንዳልሆነ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 አስተምሯል። በካርታው ላይ የተመረጠውን ቀጠና በቀለም ያሳይ ስለ ነበር በሚከራከሩ አገሮች ድንበር ላይ ቅሬታ ተነሣ፤ ቀለሙም እንዲቀር ሆነ።

ሌሎች ብዙ ኮምፒዩተሮች የሚከተሉት የቀጠናዎች ሠንጠረዥ አዲስ አበባን በስሟ ይጠራል። ይህን ሠንጠረዥ አርተር ዴቪድ ኦልሰን በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ፖል ኤገርት ለረጅም ጊዜ አዘጋጀው። በዚያም ስለ አዲስ አበባ የተጻፈው እንዲህ ነው። አስቀድሞ ከተማይቱ ከግሪኒች 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ትቀድም ነበር፤ ይህም ከ38 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ ኬንትሮስ የተገኘ ሰዓት ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከሜይ 5 ቀን 1936 ጀምሮ ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ይሆናል።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር የመለሰ ሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሆኖ ያገኘዋል። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። ከ5 ዓመት በኋላ በዚያው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማይቱ ተመለሱ፤ በዓሉንም እስከ ዛሬ እናከብረዋለን። ሠንጠረዡ እንደሚለው ከሆነ ወራሪው ሲገባ የከተማይቱ ሰዓት በ24 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ወደ ፊት ተገፋ፤ ወራሪው ሲወጣ ግን አልተመለሰም። የሠንጠረዡ አዘጋጆች ራሳቸው ከ1970 እ.ኤ.አ. በፊት ያለው ጽሑፋቸው ያልተሟላ መሆኑን ስለሚያስጠነቅቁ ይህን መስመር እንደ ተረጋገጠ ታሪክ አንወስደውም፤ በሌላ ሰነድ ሊመሰከር ይገባዋል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ወረራ ትዝታ በኮምፒዩተር ሰዓት ውስጥ በአንዲት መስመር ተጽፎ መኖሩ የታሪክ ተማሪን ሊያስቆመው የሚገባ ነገር ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አዲስ አበባና ናይሮቢ ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዓታቸው አንድ ስለ ሆነ በኋላ የአዲስ አበባ ስም ከናይሮቢ ጋር እንዲያያዝ ተደረገ፤ ያቺ የ1936 መስመርም ወደ ተጨማሪ መዝገብ ተዛወረች። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ኮምፒዩተሮች ስለ 1920ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰዓት ቢጠየቁ የሚመልሱት በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችውን የናይሮቢን ነው። ይህ ለዕለት ሥራ አይጎዳም፤ የቀድሞ ሰነድን ጊዜ በኮምፒዩተር ለሚያሰላ ተመራማሪ ግን ማስጠንቀቂያ ይሁነው።

፮. ሰዎች በቤታቸው የሚያደርጉት

የአገሩን ሰዓት በስክሪኑ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው አባታችን ያደረጉት ነው፤ ሰዓቱን በእጅ 6 ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ። ይህ ጎጂ ነው። የሰከንዱ ቆጠራ ራሱ ስለሚሳሳት የሚላከው ደብዳቤና የሚቀመጠው ሰነድ ሁሉ ከእውነተኛው ጊዜ 6 ሰዓት ቀድሞ የተጻፈ ይመስላል። ከዚህም በላይ ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ሰዓቱን ራሱ አርሞ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል።

ሁለተኛው መንገድ ሰዓቱን ሳይነኩ ቀጠናውን መለወጥ ነው። ቦነስ አይረስ ዛሬ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እኛ 3 ሰዓት ወደ ፊት ነን፤ ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ቦነስ አይረስን የመረጠ ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ 1:00ን ያያል። የሰከንዱ ቆጠራ ስለማይነካ የሚልከው የቀጠሮ ጥሪ ለተቀባዩ በትክክለኛው ጊዜ ይደርሳል። ጉድለቱ ከቀትር በኋላ ያለውን 8 ሰዓት እንኳ «ጥዋት» እያለ መጻፉ ነው።

ይህን ስንሞክር ያላሰብነው አንድ ነገር አገኘን። በዚህ አኳኋን የተበጀ ኮምፒዩተር ዕለቱን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ይህም ከሕዝቡ አነጋገር ጋር ይስማማል። ሰው «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚለው ሌሊቱን እስኪነጋ ድረስ ከሰኞ ጋር ስለሚቆጥረው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ደግሞ በዓሉን ከዋዜማው ማታ ይጀምራል። እንግዲህ ሰዓትን ብቻ ሳይሆን የዕለትንም መጀመሪያ መሣሪያው ለእኛ ወስኖልን ኖሯል።

፯. መደምደሚያ

ዓለም በአንድ ሰዓት ቢሠራ አይሻልምን? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ አውሮፕላንና ባንክ በሁለት ሰዓት ሊሠሩ አይችሉም። ነገር ግን ከላይ እንዳሳየነው ዓለም የሚስማማበት ቆጠራ ሰከንዱ ነው፤ እርሱንም ማንም አይነካውም። የታይላንድ ሰው በስክሪኑ ላይ ከጎርጎርዮሱ 543 ዓመት የሚበልጥ ዓመት ስላየ ከዓለም ንግድ አልወጣም። ለእይታው አምስተኛ ምልክት ቢጨመር የሚፈርስ ነገር የለም። የሚጠቀመውም የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ ኪስዋሂሊ ተናጋሪው የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝብ አብሮ ይጠቀማል።

እስከዚያው ድረስ ግን ከእያንዳንዳችን የሚጠበቅ ሥራ አለ። በአማርኛ ቀጠሮ የሚጽፍ ሁሉ ከስክሪኑ ገልብጦ «10:00 ሰዓት» ከማለት «ከጠዋቱ 4 ሰዓት» ብሎ ቢጽፍ አንዲት ቃል ብቻ ይጨምራል፤ የሌላውን ሰው ቀን ግን ያድናል። የኮሌጃችን ማስታወቂያ ሰሌዳም ከዚህ ትእዛዝ ውጭ እንዳይሆን እንመኛለን።

በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ዛሬ በቦነስ አይረስ ሰዓት ይሠራል። አባታችን ከግድግዳው ሰዓት ጋር ተስማማልኝ ብለው ደስ ብሏቸዋል። እኅታችን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የቀጠሮ ደብዳቤ በደረሳት ቁጥር ስክሪኑንም ግድግዳውንም አታይም፤ ስልክ ደውላ «ጠዋት ነው ማታ?» ብላ ትጠይቃለች።